ፊዲም የባረከን ቀን

ፊልም ሠሪዎቹ ወደ መንደራችን ወደ ላንስ የመጡት ድንቹ ተለቅሞ ባለቀበት፣ ወንዙም መጥቆር በጀመረበት ሰሞን ነበር። ቄሳችን እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ፣ «መንግሥት ስለ አገራችን ፊልም ሊያነሣ ነው፤ ስለ ወረቀት ፋብሪካው፣ ስለ መርከብ ሠሪዎቻችን፣ ስለ ጥንቱ ልማዳችን። ቤታችሁን አጽዱ፤ አፋችሁንም አጽዱ» አሉን። ሰው ሁሉ ሳቀ። በሳምንቱ ግን የሚስቅ አልነበረም። የአንዱ ፈረስ ተመርጦ የጎረቤቱ ሲታለፍ፣ የአንዷ ብርድ ልብስ ተነሥቶ የእህቷ ሲቀር፣ ስንት ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያስቀደሱ ሰዎች ተኮራረፉ።

እኛ ከተመረጡት ነበርን። ቤቱ የአባቴ ነው። ግቢው ውስጥ አባቴ በጭቃና በድንጋይ የሠራው የዳቦ ምድጃ አለ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የእናቴ የሽመና ዕቃ። እኔ ዜሊያ ሳላገባ እዚያው ቀርቼ፣ ከታናሽ ወንድሜ ከዊልብሮድ፣ ከሚስቱ ከአዚልዳና ከልጆቻቸው ጋር እኖር ነበር። ስለዚህ የምነግራችሁን ሁሉ ያየሁት በዓይኔ ነው።

አባታችን መርከብ ሠሪ ነበር። ሙያውን ለዊልብሮድ ሊያወርስ ብዙ ደክሟል። ዊልብሮድ ግን አዚልዳን ሲያገባ ወረቀት ፋብሪካ ገባ። የመርከብ ሥራ አንድ ዓመት ቢኖር ሌላው ዓመት አይኖርም፤ ፋብሪካው ግን ክረምት ከበጋ ይሠራል። የአባቴን መጥረቢያና መዶሻ የወረሰው አብሮት ይሠራ የነበረው ፊዲም ነው። ፊዲም ረጅም ነው፣ ጢሙ እደረቱ ይደርሳል፣ ሲራመድ መሬቱን የገዛው ይመስላል። አዚልዳ ልጃገረድ ሳለች በየሠርጉ የምትጨፍረው ከእሱ ጋር ነበር። መንደሩ ሁለቱን አጋብቶ ጨርሶ ነበር ማለት ይቻላል። እሷ ግን ዊልብሮድን መረጠች። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ «ዊልብሮድ ያስቀኛል» አለችኝ። ፊዲምም በኋላ ሌላ አገባ። ሚስቱ በመጀመሪያ ወሊዷ ከነልጇ ሞተችበትና ብቻውን ቀረ። ቤቱ ከእኛ ቤት ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር ነው።

ዊልብሮድ ፋብሪካ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ የወረቀቱ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት። አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም። ብቻ ሰው በተሰበሰበበት ያ እጅ ከኪሱ አይወጣም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያማትብ እንኳ ቶሎ ብሎ ነው፤ እንደ ሰረቀ ሰው መልሶ ይከተዋል።

የፊልሙ አለቃ ሙሴ ጋሪዬፒ የሚባል ከሞንትሪያል ከተማ የመጣ ወጣት ነበር፤ ሙሴ እኛ ዘንድ አቶ እንደ ማለት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሾርባችንን አድንቆ ይጠጣል፣ ልጆቹን በስማቸው ይጠራል። ግን ሲያናግራችሁ ዓይኑ እናንተ ላይ አይደለም፤ ከኋላችሁ ያለው ግድግዳ ላይ ነው፣ ወይም መስኮቱ ላይ። ያኔም ገብቶኝ ነበር፤ ለእሱ እኛም ዕቃዎች ነን። ሦስት ክረምት የሸመንኩትን ብርድ ልብስ ሲያነሣ እንኳ ሽመናው ላይ ያስቀመጠው አዚልዳን ነው። «እርስዎ ደግሞ ክሩን ያቀብሏት» አለኝ። እኔም ክር አቀበልኩ። ከንፈሬን ነክሼ፣ ግን አቀበልኩ።

ዊልብሮድን ያገኘው እሑድ ከሰዓት ነበር። ከላይ እስከ ታች አየውና፣

«ሙሴ ዊልብሮድ፣ እርስዎን የምናነሣዎት ፋብሪካው ውስጥ ነው። የእርስዎ ቦታ እዚያ ነው» አለው።

ዊልብሮድ ደስ አለው። ማታውን ተላጨ፤ ጠዋት ተነሥቶ ደግሞ ተላጨ። አዚልዳ የሥራ ሸሚዙን እንደ ክት ልብስ ተኮሰችለት። ከፈረቃው ሲመለስ ልጆቹ በር ላይ ተቀበሉት።

«እህሳ፣ አባባ? አነሡህ?»

«አነሡኝ እንጂ! ዙር አለኝ፣ ዞርኩ። ከዚያ ግማሽ ቀን ሙሉ ጀርባዬን አነሣው።»

«ጀርባህን ብቻ?» አለች አዚልዳ።

«ምን ይደረግ! አገሩ ሁሉ ቆንጆ ጀርባ ሲፈልግ ኖሮ ነው።»

ሳቅን። ዊልብሮድ እንደዚያ ያለ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ከአፉ ቀልድ አልወጣም።

ሙሴ ጋሪዬፒ ከሁሉ አብልጦ የፈለገው የአዲስ ዓመቱን ቡራኬ ነው። እኛ ዘንድ፣ ገና ባለፈ በሳምንቱ በሚውለው በአዲስ ዓመት ጠዋት፣ ማንም ቁርስ ሳይቀምስ፣ የበኩሩ ልጅ ቤተሰቡን ይዞ አባቱ ፊት ይንበረከክና ባርከን ይላል። አባትም እጁን አንሥቶ ይባርካል። በዓመት አንድ ቀን ነው። አፉ የማይፈታ፣ ስካር የሚያበዛ፣ ልጆቹን አቅፎ የማያውቅ አባት እንኳ ያን ቀን ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አዲስ ዓመት ገና ሩቅ ቢሆንም ሙሴ ጋሪዬፒ እስከዚያ አይቆይም፤ ስለዚህ በጥቅምት አዲስ ዓመት እናድርግ አለ። ቄሳችንም ፈቀዱ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ዊልብሮድ ሥራ ላይ እያለ፣ እሱና ቄሱ ወጥ ቤታችን ውስጥ ቆመው ሲነጋገሩ እኔ ምድጃው ጋ ነበርኩ፤ አዚልዳ ደግሞ ሳህን ታጥባለች።

«አባ፣ አንድ ችግር አለ» አለ ሙሴ ጋሪዬፒ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እጁ ነው። ካሜራው የባራኪውን እጅ ቀርቦ ነው የሚያነሣው። ተመልካቹ ጣት ሲቆጥር ቡራኬው ያመልጠዋል። ታች ያለው መርከብ ሠሪ ግን፣ ያ ባለ ጢሙ፣ አባት ማለት እሱ ነው!»

ቄሱ ሳል ያዛቸው። የአዚልዳ እጅ ውሃው ውስጥ ቀጥ አለ። ዞር ሳትል፣

«ሌላ ቤት ሄዳችሁ አንሡ» አለች።

«ልጄ፣» አሉ ቄሱ፣ «ሰዎቹ መብራቱን ሁሉ እዚህ ተክለዋል። ደግሞስ ለዊልብሮድ ምን ልትይው ነው? ለምን እምቢ አልሽ ሲልሽ?»

እውነትም ምን ትበለው? እጇን በሽርጧ አበሰችና ወደ ሙሴ ጋሪዬፒ ዞረች።

«እሺ። ግን የእጁን ነገር ለማንም እንዳይተነፍሱ። ለእሱም፣ ለሌላም ሰው።»

«ከጠየቀኝ ምን ልበል?»

«ጢም ስለፈለግኩ ነው ይበሉ። እትዬ ዜሊያ፣ አንቺም ሰምተሻል።»

ሰምቻለሁ አልኳት።

እኩለ ቀን ላይ ቤታችን አዲስ ዓመት ሆነ። መስኮቶቹ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ አሰሩ። ልጆቹ የክት ልብሳቸውን ለበሱ። ፊዲም መጣ። ሲጠሩት የመርከብ ሥራውን ሊያነሡለት መስሎት ነበር፤ የሚፈለገው ለምን እንደሆነ ሲነግሩት ወደ በሩ ዞሮ ሊወጣ አለ። ቄሱ ክንዱን ያዙት። ሙሴ ጋሪዬፒ በዊልብሮድ ወንበር፣ ማለት በአባቴ ወንበር፣ ላይ አስቀመጠው። ሣጥን ከፍቶ የአባቴን ባለ ቀስት ጥለት የሱፍ መቀነት አወጣና ወገቡ ላይ ጠመጠመለት። ፓውዛዎቹ ሲበሩ ቤቱ ውስጥ ጥላ የሚባል ነገር ጠፋ። እኔን ካሜራው እንዳያየኝ ምድጃው ኋላ አቆሙኝ።

የወንድሜ የመጀመሪያ ልጅ ሉሚና ትባላለች፤ ለመዳር የደረሰች፣ እንደ እናቷ ቀጥ ያለች ልጅ ናት። ከፊት ተንበረከከች። እናቷና ታናናሾቿ ከኋላዋ ሆኑ።

«አባባ፣ ይባርኩን» አለች።

ፊዲም እጁን አነሣ። «አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ይባርካችሁ...» ብሎ ጀመረና ቆመ። እንባው ጢሙ ውስጥ ሲወርድ አየሁት። አስመሳይ እንባ አልነበረም። «...በመጨረሻም መንግሥተ ሰማያትን ያውርሳችሁ።»

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ፋብሪካው ውስጥ የማሽን ቺንጋ ተበጥሶ ሠራተኞቹን ቀድመው አሰናብተዋቸው ኖሯል። ዊልብሮድ ምሳ ዕቃውን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከፊልሙ ሰዎች አንዱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በሌላው እጁ አትግባ አለው። በገዛ ቤቱ። እሱም አልገባም። ሚስቱ ተንበርክካለች፣ ልጆቹ ተንበርክከዋል፣ ወንበሩ ላይ ፊዲም ተቀምጧል።

ሙሴ ጋሪዬፒ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ግሩም ነው! እንባው! አሁኑኑ፣ ሳይደርቅ፣ አንድ ጊዜ ይደገም» አለ።

ሉሚና አባቷን አይታዋለች። እንደገና «አባባ» ስትል ፊቷ ወደ በሩ ሄደ።

«ወዲያ አይደለም!» አለ ሙሴ ጋሪዬፒ። «ወደ አባትሽ! ወደ አባትሽ ተመልከቺ!»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ፊዲም መለሰች። ደገሙት። ዊልብሮድ እስኪያልቅ እዚያው ቆሞ አየ።

መብራቱ ሲጠፋ ፊዲም ዘሎ ተነሣ። መቀነቱን ሊፈታ ታገለ፤ ቋጠሮው እምቢ አለው።

«ዊልብሮድ፣ እኔ እኮ መጀመሪያ...»

«ተወው» አለ ዊልብሮድ። «ከታጠቅከው አይቀር ታጥቀኸው ሂድ።»

ያን ምሽት ራቱን ቆሞ በላ። አዚልዳ፣ «ተቀመጥ እንጂ» ብትለው፣

«ወንበሬ ሞቋል» አላት።

«ለፊልም ነው፣ ዊልብሮድ። ጨዋታ ነው።»

«እኔ የሌለሁበት ጨዋታ። ለምን እኔን አልጠየቀኝም?»

«ጢም ያለው ሰው ፈልጎ ነው።»

«ጢም!» አለ። «ሃያ ዓመት ስላጭ ከርሜ፣ አባት ለመሆን የቀረኝ ጢም ነበር?»

አዚልዳ ወደ እኔ አየች። እኔ ሾርባዬን አየሁ። አንዲት ቃል ብትናገር ቅናቱ ይበርድ ነበር፤ ግን በቅናቱ ፋንታ ኀፍረት እንደሚተከልበት ታውቃለች። በእጁ ከሚያፍር እሷን ይጠርጥር ብላ ወሰነች። እንዲህ ያለ ነገር የምትሸከም ሴት ሌላ አላየሁም። ስለዚያ ሸክም እኔም ቀንቼባታለሁ፤ ለማንም እንደዚያ ሆኜ አላውቅምና።

በማግስቱ ዊልብሮድ መላጨት ተወ።

ጢሙ አላማረበትም። እዚህ ጋ ቀይ፣ እዚያ ጋ ሽበት፣ ጉንጩ ላይ ባዶ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አብሮት የሚሠራው ኦኔዚም ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ሆኖ ጮኸ፦

«ዊልብሮድ! ጢምህ እስኪበቅል ድረስ ለልጆችህ አሳዳጊ ቀጠርክ አሉ!»

ሌላውም አዚልዳን በዓይኑ እያመለከተ ተቀበለ፦ «የፊዲም ሚስት እንዴት ናት? ደኅና ናት?»

ሰው ሳቀ። ዊልብሮድ ሳቀ፤ ግን ጥርሱ ብቻ ነው የሳቀው። ቤት ሲደርስ አዚልዳን ጠየቃት፦

«ስትንበረከኪ ምን አሰብሽ?»

«ጉልበቴን። ወለሉ ጠንካራ ነው።»

«ቀና ብለሽ አይተሽዋል?»

«ማንን?»

«ማንን ትያለሽ እንዴ!»

እንዲህ ባለ ጥያቄ ሁለት ወር አለፈ። ዳቦ ስታወጣ ወደ ወንዙ ታይ እንደሆነ ያያታል። ልብስ ስታሰጣ ከፊዲም ግቢ ትታይ እንደሆነ ራሱ ቁልቁል ወርዶ አረጋግጧል። ዳገቱን ሲመለስ አግኝቼው፣ «ምን ስትሠራ ነበር?» ብለው፣ «ነፋስ ልቀበል ወጥቼ ነው» አለኝ፤ በዚያ ብርድ! ፊዲም በበኩሉ በእኛ መንገድ ማለፉን ተወ። ከዚያም አንድ ቀን ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ ቤተ ክርስቲያን መጣ። መጀመሪያ ማንም አላወቀውም። አገጩ ትንሽ፣ ፊቱ የሕፃን መሰለ። «ጢሜ ሰው ቤት ጣጣ አስገባ» ብሎ ነው አሉ የተላጨው። ዊልብሮድ ይህን ሲሰማ፣ «አያችሁ? ምንም ያላደረገ ሰው አይላጭም» አለ።

አዲስ ዓመት መጣ፤ የእውነቱ። በረዶው የአጥሩን ጫፍ ሸፍኖ ነበር፤ ፀሐይዋ ግን ዓይን ታጠፋ ነበር። ሥጋ የታጨቀበት ቂጣ ምድጃ ውስጥ ይሸታል። ዊልብሮድ ከዚያ ከጥቅምት ቀን ወዲህ ያልተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሁላችንም ልባችን ቀለል አለን። ሉሚና ተንበረከከች፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

«አባባ፣ ይባርኩን።»

ዊልብሮድ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«ፊዲምን ጠይቂ» አላት። «አንዴ ባርኳችሁ የለ? የሱ ይበቃችኋል።»

ትንሹ ልጅ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ሉሚና ግን ጆሮዋ ድረስ ቀላች። አዚልዳ ከምድጃው ጋ ቀና አለች። በሕይወቴ ስትቆጣ ያየኋት ያን ዕለት ነው። አልጮኸችም።

«ተነሡ» አለች ልጆቹን። «ካፖርታችሁን ልበሱ።»

«የት ልትሄዱ?» አለ ዊልብሮድ።

«የላክኸን ቦታ።»

ሽርጧን ሳትፈታ ሻርፗን ደረበችና ወጣች። ልጆቹ ተከተሏት፤ እኔም ልጆቹን ተከተልኩ። በረዶው ጉልበታችን ድረስ እየገባን ቁልቁለቱን ወረድን። ከእያንዳንዱ መስኮት ኋላ ሰው ቆሟል። የዓመቱ ወሬ በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን እግር አውጥቶ ሲሄድ አዩት።

ፊዲም በር ሲከፍት በአንድ እጁ ደረቅ ዳቦ ይዟል። ቁርሱ መሆኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ።

«ዊልብሮድ ልኮን ነው» አለች አዚልዳ። «ልጆቹን ባርክልኝ።»

ፊዲም እሷን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ እኔን አየ።

«አብደሻል እንዴ?»

«ባሌ ነው ያበደው። እኔ ያለኝን ነው የማደርገው።»

ሉሚና አልተንበረከከችም። «ጋሼ ፊዲም፣» አለችው እያለቀሰች፣ «እባክዎ አይባርኩን።»

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ኮቱን ለበሰ፣ ቆቡን ደፋ፣ ቀድሞን ዳገቱን ያዘ። ቤታችን ስንደርስ ዊልብሮድ በሸሚዝ ብቻ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። እንዲያ ሆነው ተፋጠጡ፤ አንዱ ሙልጭ ያለ፣ አንዱ በዚያ ቡራቡሬ ጢሙ።

«ቤተሰብህን አምጥቻለሁ» አለ ፊዲም። «ሁለተኛ ወደ እኔ አትላክ።»

«ምነው? ወንበር ላይ ስትቀመጥ እንዲህ አላልክም።»

«ስማ ዊልብሮድ። ያን ቀን ለምን ያለቀስኩ ይመስልሃል? ማንም ሰው እፊቴ ሆኖ አባባ ብሎኝ አያውቅም። ልጅህ ስትለኝ፣ ለፊልም መሆኑን እያወቅኩ፣ አንጀቴ ተቆረጠ። ከቤቴ ሆኜ የጭስ ማውጫህን ሳይ ነው የኖርኩት። ጠዋት ጭሱ ሲወጣ፣ አሁን ተነሡ፣ አሁን ቁርስ ቀረበ፣ አሁን ልጆቹ ይጣላሉ እያልኩ። ሃያ ዓመት ቀንቼብሃለሁ። አንተ ደግሞ በኔ ትቀናለህ? በኔ?»

ይህን የሰማ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቅር በለኝ የሚል መስሎኝ ነበር። ወንድሜ ግን ዓይኑ በራ።

«እንግዲያው እውነት ነበር!» አለ። «አላበድኩም! ያለኝን ስትመኝ ነበር!»

«አዎ፣ ስመኝ ነበር» አለ ፊዲም። «አልነካሁም።»

«አዚልዳንም?»

ፊዲም ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘ። የመለሰችው አዚልዳ ናት።

«እኔን አልጠየቃችሁኝም እኮ! ሁለታችሁ እንደ ገበያ ፈረስ ስትከራከሩብኝ። ዊልብሮድ፣ አንተን ያገባሁት ጢም ስላጣሁ አይደለም። ፊዲም፣ አንተም አገጭህን ሸፍን፣ ይበርድሃል። ልጆቹ በረዶ ላይ ቆመዋል፣ ቂጣው እያረረ ነው!»

ፊዲም ሳቁ አመለጠው። ዊልብሮድ አልሳቀም። ሉሚና ግን ማንንም ሳትጠብቅ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ፣ በረዶው ውስጥ ተንበረከከች። ታናናሾቿም እንደ እሷ አደረጉ።

«አባባ፣» አለች፣ «ብርዱ ሳይገድለን ይባርኩን።»

ዊልብሮድ እጁን ከኪሱ አወጣ። ከነሦስት ጣቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በየመስኮቱ እያየ፣ ከፍ አድርጎ አነሣት። ድምፁ ተሰባበረ፤ ግማሹን አልሰማነውም። አዚልዳ እንደ ልጆቹ ተንበርክካ መሬት መሬት ታይ ነበር። ሲጨርስ ፊዲም ቆቡን መልሶ ደፍቶ ሊሄድ ዞረ።

«የት ትሄዳለህ?» አለው ዊልብሮድ። «በአዲስ ዓመት ደጃፌ የደረሰ ሰው አንድ መለኪያ ጂን ሳይቀምስ አይመለስም። ግባ። ወንበሬ ላይ ግን እንዳትቀመጥ።»

ፊዲም ገባ። አግዳሚው ላይ፣ ከእኔ ጎን ተቀመጠ። ካረረው ቂጣ ሁለት ጊዜ ወሰደ። ዊልብሮድ ከሱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ በላ።

ፊልሙ ተጠናቆ ላንስ የደረሰው በቀጣዩ መከር ነው። በደብሩ አዳራሽ አንሶላ ተሰቀለ። ሕፃን ሳይቀር መጣ። ፋብሪካው ታየ፤ የዊልብሮድ ጀርባ ከግዙፉ የወረቀት ጥቅልል አጠገብ አለፈ። «ያውና!» ብለን ሳንጨርስ ጠፋ። መርከቦቹ ታዩ፣ የዳቦ ምድጃችን ታየ፣ ብርድ ልብሴም ታየ፤ ክር የምታቀብለው እጅ የማን እንደሆነች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ አዲስ ዓመቱ መጣ። የፊልሙ ተናጋሪ በዚያ በጎርናና ድምፁ፣ «እነሆ አባት፣ እንደ አባቶቹ ሁሉ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይባርካል» አለ።

አንገት ሁሉ ወደ ዊልብሮድ ዞረ። እሱ አንሶላውን ያያል። ፊዲም ከነጢሙ እጁን አነሣ፤ እጁ አንሶላውን ሞላ።

«አውራ ጣቱን እዩት!» አለ ዊልብሮድ ጮክ ብሎ። «ዶሮ የሚያባርር እኮ ነው የሚመስለው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ኋላ የተቀመጠው ፊዲም ነበር። አዚልዳ የወንድሜን ክንድ ያዘች። እሷም እየሳቀች ነበር፤ እንባዋን እስክትጠርግ ድረስ።

ቅናቱ አለቀለት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀም። ቴሌቪዥን ወደ ላንስ ሲገባ ያንን ፊልም በገና ሰሞን ያሳዩት ጀመር። የልጅ ልጆቹ ተሰብስበው ያዩታል። ዊልብሮድ እስከ ፋብሪካው ድረስ አብሯቸው ያያል፣ ጀርባውን ያሳያቸዋል። ጥድ የታሰረበት መስኮት ብቅ ሲል ግን ተነሥቶ ኮቱን ያጠልቅና እንጨት ሊፈልጥ ይወጣል። እንጨቱ ተፈልጦ ተከምሮ ሳለ። እኛ የመጥረቢያውን ድምፅ እየሰማን ቡራኬው እስኪያልቅ እንጠብቃለን። ከዚያ አዚልዳ በሩን ከፈት አድርጋ ትጣራለች፦

«ዊልብሮድ! አልፏል፣ ግባ!»

ፊዲም ከሞተ በኋላ እንኳ፣ እኛው ራሳችን ለቅሶ ተቀምጠን ቀብረነው ከተመለስን በኋላ፣ ዊልብሮድ ያን ዓመትም ወጣ፤ አዚልዳም ተጣራች። ወንድሜ ጫማው ላይ ያለውን በረዶ ደጃፉ ላይ እያራገፈ፣

«ሄደ?» አለ።

«ሄዷል» አለችው። «ግባ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ።»